ፍሬን እምቢ አለኝ

«ፍሬን እምቢ አለኝ!»

ይቺን አረፍተ ነገር ያልሰማ ሰው በአገራችን ያለ አይመስለኝም። አይሱዙ ሱቅ ጥሶ ሲገባ፣ ባጃጅ ቦይ ውስጥ ሲገለበጥ፣ ሞተር ሳይክል ሰው ሲገጭ፣ አሽከርካሪው አቧራውን እያራገፈ መጀመሪያ የሚናገራት እሷን ነው። የተሰበሰበው ሰው ይቀበላታል፤ ወሬ ነጋሪው ይደግማታል፤ እኛም ማታ ቡና ላይ «ምን ያድርግ፣ ፍሬን እምቢ ብሎት ነው እኮ» ብለን ከንፈራችንን መጥጠን ወደ ሌላ ጨዋታ እናልፋለን።

እኔም ብያታለሁ። ብያት አንድ ሽማግሌ ምን ብለው እንደመለሱልኝ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥራዬ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሂሳብ መመርመር ነበር። ደረሰኝ እያገላበጥኩ «ይሄ ፊርማ ይጎድለዋል፣ ይሄ ስርዝ ድልዝ አለበት፣ ይሄን አልቀበልም» ስል የምውል ሰው ነበርኩ። በአጭሩ ደመወዝ የሚከፈለኝ እምቢ እንድል ነው። መቀመጫዬ ቡታጅራ ሲሆን በወር አንዴም ሁለቴም ወደ ወልቂጤ እመላለሳለሁ። ሁለቱ የጉራጌ ከተሞች ካርታ ላይ ሲታዩ ጎረቤት ናቸው። ነገር ግን አንዷ የሆሳዕና መንገድ ላይ፣ ሌላዋ የጅማ መንገድ ላይ ናቸው፤ መሃላቸው የጉራጌ ተራሮች ተገትረዋል። በአዲስ አበባ በኩል ልዙር ያለ ሰው እስከ ዓለም ገና ሄዶ ነው የሚመለሰው። ተራራውን ላቋርጥ ያለ ደግሞ ከቡታጅራ ሽቅብ ወጥቶ፣ በአገና አድርጎ፣ ወደ ጉብሬ ይወርዳል። እኔ ሁልጊዜ የማቋርጠው ነበርኩ። ሞተር ነበረኛ!

ሞተሯ ያማሃ ናት። ከጨረታ ላይ ነው የገዛኋት። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራች፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ ድምፅዋ ግን እንደ ሽማግሌ ሳል ከሩቅ የሚታወቅ ዕቃ ነበረች። የኋላ ፍሬኗ እንደ ጥንቱ ከበሮ ውስጥ ያለ ሸራ ሲሆን፣ የፊቱ ግን ዲስክ ነው። በዚያ እኮራ ነበር። ዲስክ ፍሬን በእርግጥ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ላንቸስተር ለመኪና የሚሆን ዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። በብዛት በተመረተ ሞተር ሳይክል ላይ በዘይት የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ተገጥሞ የታየው ግን በ1969 እ.ኤ.አ. ሆንዳ ባወጣው ሲቢ 750 ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከጎማው ጋር አብራ የምትዞር የብረት ሳህን አለች። እጀታውን ስትጨብጡ መሪው ላይ ያለችው ትንሽ ፖምፓ ዘይት ትገፋለች። ዘይቱ በቱቦ ወርዶ ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ ሸራውን ሳህኗ ላይ ያጣብቃል። ዘይቱ ሲጨመቅ አይሸሽም። የጣት ጉልበታችሁን ተቀብሎ ሳይሰርቅ እታች ያደርሳል። ፓስካል የሚባለው ፈረንሳዊ በ17ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ሕግ ይኸው ነው። አየር ከገባበት ግን አለቀ። አየር ሲጨመቅ ይሸሻል፤ ጉልበታችሁን መንገድ ላይ ይበላዋል።

ታዲያ አንድ ቀን እጀታው ላላ አለብኝ። ስጨብጠው ሊጥ የምጨብጥ መሰለኝ። ቡታጅራ ውስጥ አንድ ወጣት መካኒክ ጋ ሄድኩ። ጨዋ፣ ሳቂታ፣ ታታሪ ልጅ ነው። ፖምፓውን ከፈተና ዘይቱ መጉደሉን አየ።

«ጋሼ፣ የፍሬን ዘይት አልቆብኛል። ይሄ ሃይድሮሊክ ዘይት ነው፤ ለጊዜው ያደርስዎታል» አለኝ።

«እሺ» አልኩት።

ሞላልኝ። እጀታው ጠንከር አለ። ሂሳቡም ቀላል ነበር። ተመሰጋግነን ተለያየን።

ሦስት ሳምንት ያህል ሄድኩባት። ሁሉ ሰላም ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አገናን አልፌ ቁልቁል ስወርድ ሞተሯ እንደወትሮው አልንሸራተት አለችኝ፤ የሆነ ነገር ወደኋላ የሚጎትታት ይመስላል። ሽታም ሸተተኝ። «ቆይ ጉብሬ ስደርስ አያታለሁ» አልኩ። አንዲት ኩርባ ዞር ስል ከመንደር የምትወጣ ልጅ ጀሪካን አዝላ መንገዱ ውስጥ ገባች። እጀታውን ጨበጥኩ። ምንም የለም። እጀታው ሄዶ ከመያዣው ጋር ተሳመ። የኋላውን ፍሬን ረገጥኩ፣ ማርሽ ቀነስኩ፣ ሞተሯን ወደ አጥሩ ጣልኳት። የመሪው ጫፍ ግን ልጅቷን አገኛት።

አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ግራ ክንዷ ከክርኗ በታች ተሰብሯል። ጀሪካኑ ተቀዶ ውሃው በኮረኮንቹ ላይ ሲፈስ አስታውሳለሁ። አላለቀሰችም። «ውሃው» ነው ያለችው።

ሆስፒታል ተወስዳ ጀሶ ታሰረላት። በማግስቱ መንደሯ ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የተቀመጡት ጀፎረው ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነበር። ጀፎረ ለማታውቁት፣ በጉራጌ መንደር መሃል የሚዘረጋ ሰፊ የሣር ጎዳና ነው፤ ቤቶች ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደሱ አዙረው ይሠራሉ። እኔም እንደ ደንቡ ቆሜ ቃሌን ሰጠሁ። «አባቶቼ፣ በፍጥነት አልሄድኩም፣ አልጠጣሁም። ፍሬን እምቢ አለኝ» አልኩ።

የልጅቷ አያት እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ እንግዲያው ፍሬኑን አምጣውና እንጠይቀው» አሉኝ።

አንዳንዱ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«አይመጣም? እንግዲያው አንተን እንጠይቅ። ፍሬኑ ያን ቀን እምቢ አለ። አንተስ ከዚያ በፊት ባለው ቀን ለማን ነው እምቢ ያልከው?»

ስለ ዘይቱ አልነገርኳቸውም ነበር። የሚያውቁት ነገር የለም። ጥያቄያቸው ግን ቀጥ ብሎ የቡታጅራው ጋራዥ ውስጥ ገባብኝ። ለማንም እምቢ አላልኩም ነበር። እሺ ነው ያልኩት።

የሕክምናውን ወጪና ሽማግሌዎቹ የወሰኑትን ከፈልኩ። ይቅርታም ተደረገልኝ። ሞተሯን በጭነት መኪና አስጭኜ ወልቂጤ ወሰድኳት።

ወልቂጤ ከአንድ ሸምገል ካሉ መካኒክ ጋር ሰዎች አገናኙኝ። እኔ «ጋሼ» ነው የምላቸው፣ እዚህም እንዲሁ ልበላቸው። ጋሼ ፍሬኑን ሲፈቱ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ፒስተኑን በፒንሳ ነክሰው አልጎተቱትም። ብረቱ ከተጫረ ዘይት ያሳልፋል አሉኝ። እጀታውን ቀስ እያሉ እየጨበጡ በራሱ ዘይት ገፍተው አስወጡት። ከዚያ ከፖምፓው ውስጥ ያለችውን ጎሚኒ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። አብጣለች፤ ስትነካ እንደ በሰበሰ ሥጋ ትልመጠመጣለች።

«ምንድን ነው ያስጠጣሃት?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የዚህ ዓይነቱ ፍሬን ጎሚኒ ለፍሬን ዘይት ብቻ የተሠራ ነው፤ የሞተርም ሆነ የሃይድሮሊክ ዘይት ሲነካው ይጠጣና ያብጣል። ያበጠው ጎሚኒ ዘይቱ የሚመለስባትን ቀዳዳ ዘጋት። ስለዚህ እጀታውን ስለቅ ፍሬኑ አልለቀቀም፤ ቁልቁል ስወርድ ሸራው ሳህኗን እያሸ አጋላት። ሽታው ያ ነበር። ደግሞ የፍሬን ዘይት በዓመታት ውስጥ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። የእኔ ሞተር ውስጥ የነበረው አሮጌ ዘይት ስንት ዓመት እንደቆየ እግዜር ይወቀው። ፈላ፤ እንፋሎት ሆነ። እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይሸሻል። እጀታዬ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው። ከጋራዥ እስከ ኩርባዋ ድረስ ሁሉ ነገር በሥርዓቱ፣ አንዱ አንዱን እየጎተተ ነው የሄደው። በመሃል «እምቢ» ያለ አንድ ነገር አልነበረም።

ልብ በሉ፤ የፍሬን ሥራ እኮ እምቢ ማለት ነው! ሞተሩ ልሂድ ይላል፣ ቁልቁለቱ ና ይላል፣ ጎማው ልሽከርከር ይላል። ከዚህ ሁሉ መሃል «እምቢ፣ ቁም» እንዲል የተሠራ አንድ ዕቃ ፍሬን ነው። ስለዚህ የእኛ አነጋገር የተገለበጠ ነው። ያን ቀን ፍሬኔ እምቢ አላለም። ፍሬኔ እምቢ ማለት አቃተው። እንደ እኔ፣ እንደ መካኒኩ፣ እሱም እሺ አለ።

ጋሼ ሁሉን በአልኮል አጠቡ። ሳህኗን ለክተው፣ ፋብሪካው ከቀረጸባት ዝቅተኛ ውፍረት በላይ መሆኗን አዩ። ፒስተኑን በብርሃን እያዟዟሩ ዝገት ፈለጉ። ዘይት የነካውን ሸራ ወረወሩት። ከዚያ እጃቸውን ጠረጉና፣ «ጎሚኒዎቹን ከአዲስ አበባ አምጣና እገጥምልሃለሁ» አሉኝ። ለዚያች ዘመን ሞተር የሚሆን ጎሚኒ ወልቂጤ ውስጥ የለም።

እኔ ደግሞ ከነገ ወዲያ ቡታጅራ ሪፖርት አለብኝ። «ጋሼ፣ ከሌላ ሞተር የሚቀራረብ ጎሚኒ አይጠፋም። ለጊዜው ይግጠሙልኝ፣ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ» አልኳቸው። አዎ፣ ልጅቷን ከገጨሁ ሳምንት ሳይሞላኝ! የሰው ልጅ እንዲህ ነው።

«እምቢ» አሉኝ።

«ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ። ከፈለጉ ፈርሜ እሰጥዎታለሁ።»

«ያንተማ ፊርማ ምን ያደርግልኛል? የልጅቷን ፊርማ አምጣ። ቀጥሎ የምትገጫትን ልጅ።»

ዝም አልኩ። እሳቸው ቀጠሉ። «አንተ ገንዘብ ከፍለህ ታዘኛለህ፤ በራስህ ላይ ከሆነ ፍረድ። መንገድ ዳር የሚሄደው ሰው ግን ምንም አላዘዘኝም። ፍሬኑን ስሠራ ለሱም ነው የምሠራው። እሱ እሺ ሳይለኝ እኔ ላንተ እሺ ማለት አልችልም።»

ዕድሜ ልኬን ደረሰኝ ላይ ፊርማ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ የጎደለ ፊርማ ግን ያሳየኝ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ብዙ አሰብኩበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ መሞቱን ገልጿል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞች፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ሞተር የሚነዱና የሚሳፈሩ ሰዎች ናቸው። ስንቶቹ ናቸው ምንም ሳያዙ የሌላ ሰው «ለጊዜው» የደረሰባቸው?

ጥፋቱ የማን ነው ለሚለው የሰው ልጅ በየዘመኑ የተለያየ መልስ ሰጥቷል። የጥንቱ የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ጠያቂው ባለሙያውን ነበር፤ ሠሪው ያላጠነከረው ቤት ወድቆ ባለቤቱን ቢገድል፣ ሠሪው ይገደል ብሎ በድንጋይ ላይ አስቀርጿል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የሚጠይቀው ባለንብረቱን ነው፤ ሞተር ያለው ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት፣ ሌላ ሰው ያለ ፈቃድ ቢነዳው እንኳ፣ ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። የዕለት ተዕለት ንግግራችን ግን የሚጠይቀው ፍሬኑን ነው። ሐሙራቢ ጨካኝ ነው፤ ፍትሐ ብሔሩ ጠበቅ ያለ ነው፤ የእኛ አነጋገር ግን ሁላችንንም ነፃ የሚያወጣ ስለሆነ ይጣፍጣል።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «አንተ ደመወዝተኛ ስለሆንክ ነው የምትፈላሰፈው» ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ ሰው በሞተር አመላልሶ የዕለት ጉርሱን የሚያገኝ ወጣት ሞልቷል። እሱን «ጎሚኒ እስኪመጣ 11 ቀን ቁም» ማለት 11 ቀን ጦምህን እደር ማለት ነው። መካኒኩም ቢሆን እምቢ ካለ ደንበኛው ወደ ቀጣዩ ጋራዥ ይሄዳል፤ እዚያ እሺ የሚል አይጠፋም። ታዲያ ብቻውን እምቢ የሚል ሰው ምን ያተርፋል? ዳቦው ይቀርበታል፣ ልጅቷም በሌላ ሰው ፍሬን ትገጫለች።

ይሄን ጥያቄ በቀላሉ የሚያልፍ ሰው ድህነትን አያውቅም። እኔም ሙሉ መልስ የለኝም። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። ጋሼን ትቼ ልሄድ ስል ሂሳብ ስንት ነው ብላቸው፣ «ገና ምን ሠራሁና» አሉኝ። ግማሽ ቀን ፈትተው፣ አጥበው፣ ለክተው፣ ሕይወቴን የሚያተርፍ ቃል ነግረውኝ፣ ለእሳቸውም ለእኔም ሥራ ማለት መግጠም ብቻ ነበር። የቡታጅራው ልጅ በአምስት ደቂቃ ሞልቶልኝ ከፍዬዋለሁ። የወልቂጤው ሽማግሌ ግማሽ ቀን ደክመው እምቢ ሲሉኝ ዋጋ አልነበረውም። እሺን ብቻ እየገዛን፣ እምቢ ከገበያ ጠፋ ብለን እንገረማለን!

ያን ቀን በግድ ከፈልኳቸው። ተሽኮርምመው ተቀበሉኝ። አቅሙ ያለን ሰዎች ልናደርግ የምንችለው ይቺን ነው እላለሁ፦ እምቢ ላለ ባለሙያ እንክፈል። ሐኪሙ «ይሄ መርፌ አያስፈልግህም» ሲል፣ ግንበኛው «በዚህ ሲሚንቶ አልሠራም» ሲል፣ የሂሳብ ሠራተኛው «ይሄን አልፈርምም» ሲል ያመጣብን መጓተት ዕቃ እንደገዛን ሆኖ ይሰማን። የብቻ እምቢታ ያስርባል፤ መንደር የሚደግፈው እምቢታ ግን ይቆያል። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበትን ጀፎረ አስቡት። ከብት ይግጥበታል፣ ልቅሶ ይለቀስበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል፤ የማንም የግል አይደለም። ጎበዝ የሆነ ሰው አጥሩን በየዓመቱ አንድ ክንድ ገፋ ቢያደርግ ይጠበው ነበር። ሰፊ ሆኖ የቆየው አጥር ገፊው ሲመጣ መንደሩ አንድ ላይ «እምቢ» ስለሚል ነው።

ጎሚኒዎቹ ከሶማሌ ተራ ተፈልገው በ11ኛው ቀን መጡ። ጋሼ ገጠሙ፤ አዲስ ዘይት ሞሉ፤ እኔ እጀታውን ጨብጬ ስይዝ እሳቸው የአየር ማስወጫዋን ቡሎን እየከፈቱ እየዘጉ፣ አንዲት አረፋ እስክትጠፋ አየሩን አስወጡ። እጀታው ድንጋይ ሆነ።

ቡታጅራ እንደደረስኩ አንድ ጠርሙስ ዶት 4 ይዤ ወደዚያ ወጣት መካኒክ ሄድኩ። ልወቅሰው አልነበረም፤ ቢያንስ እንደዚያ ነው ለራሴ የነገርኩት። የሆነውን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ዘይቱ ነገ ይመጣል ብዬዎት አልነበር? ለጊዜው የሚሆን ነገር የለህም ወይ ያሉኝ እርስዎ እኮ ነዎት» አለኝ።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ይቅር ይበለኝ። ከላይ ስተርክላችሁ ይቺን ዘልያታለሁ። ልጁ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ እሺ እንዲል ያደረግኩት እኔ ነኝ።

አሁንም በዚያ መንገድ አልፋለሁ። ኩርባዋ ጋ ከመድረሴ በፊት እጀታውን አንዴ ጨበጥ አደርገዋለሁ። አንዳንዴ ልጅቷን አገኛታለሁ፤ አድጋለች። የሞተሯን ሳል ከሩቅ ስትሰማ ጀሪካኗን አቅፋ ከመንገዱ ወጥታ አጥሩን ተደግፋ ትቆማለች፣ እስካልፍ። ፍሬኔን አታምነውም።

ልክ ናት።